መጽሐፍ አትቁጠሩ፣ ገጽ ቁጠሩ

የዓመት የንባብ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው «ስንት መጽሐፍ?» ብሎ ነው። አምሳ ይላል። ሞቅ ካለው መቶ። ታኅሣሥ ላይ አግኝታችሁ ብትጠይቁት ወሬ ይቀይርባችኋል።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ዕቅድና ክንውን ሳመሳክር ስለምውል ዕቅድ የት ላይ እንደሚበላሽ አይጠፋኝም። አብዛኛው የሚበላሸው ገና ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ንባቤንም እንደ በጀት ነው የምይዘው። አንባቢ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ግማሾቹ እንደኔ ነው የሚያደርጉት።

ከመለኪያው እንጀምር። በመጽሐፍ ቁጥር ማቀድ ሰውን ቀጭን መጽሐፍ አሳዳጅ ያደርገዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም አንድ መጽሐፍ ነው፣ ሰማንያ ገጽ የማትሞላ የግጥም መድበልም አንድ መጽሐፍ ናት። ቁጥር ለማሟላት የሚሮጥ ሰው የትኛዋን እንደሚያነሣ ግልጽ ነው። ወፍራሙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። በገጽ ስትቆጥሩ ግን ይሄ ማጭበርበር ቦታ የለውም። ወፍራሙም ቀጭኑም በልኩ ይከፍላችኋል። ጀምራችሁ የተዋችሁት መጽሐፍ እንኳ ያነበባችሁት ገጽ አይጠፋባችሁም። ስልክ ላይ ያለው ጉድሪድስ የሚባለው የንባብ መመዝገቢያ መተግበሪያ የሚቆጥረው በመጽሐፍ ነው፣ ዓመቱንም የሚጀምረው በጃንዋሪ። የአማርኛ መጽሐፍ ሲፈልጉበትም ብዙውን አያገኙም። ለፈረንጅ መጽሐፍ ተጠቀሙበት፤ ዋናው መዝገብ ግን ደብተር ይሁን።

ቀጥሎ አቅማችሁን ለኩ። ሰው ስለ ንባብ ፍጥነቱ ለራሱ ይዋሻል። ተራ የሥራ ቀን ምረጡ፣ እሑድ አይደለም። ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ስልካችሁን ከ20 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉና ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ከዚያ አንብቡ። ሲጮህ ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ጻፉ። በማግስቱ በሌላ ዓይነት መጽሐፍ ድገሙት። አንዱ ቀን ልብ ወለድ፣ አንዱ ቀን ታሪክ፣ አንዱ ቀን ፊደሉ የደቀቀ አሮጌ እትም ይሁን። ልዩነቱ ያስገርማችኋል። ከሦስቱ አነስተኛውን ውሰዱ። በጀት የሚሠራው በትልቁ ገቢ አይደለም።

አሁን ዓመቱን ዘርጉት። መቼ ይጀምር? እኛ ቢሮ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ለንባብ ግን የመስከረም 1ን ያህል የሚመች የለም። ክረምቱ ያነሣሣውን የማንበብ ስሜት ይዛችሁ ትገባላችሁ። ይህን የምታነቡት ኅዳር ላይ ከሆነ ግን መስከረምን አትጠብቁ። የቀሩትን ወራት ብቻ በጅቱ።

ወራቱ እኩል አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ለ365 አካፍሎ «በቀን ይህን ያህል» ይላል። በቀን አሥር ገጽ ብንል በዓመት 3,650 ገጽ ይሆናል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን የጥምቀት ሰሞንና የነሐሴ ጭጋግ እንዴት እኩል ይሆናሉ? ጥር የሰርግ ወር ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ለገና ላሊበላ የሚወጣው የአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ ደሴ ያድራል፣ ደሴ ካደረ ደግሞ እኛ ቤት ያድራል። ወሎ ውስጥ በዓሉ እጥፍ ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አክስቴ ሙስሊም ናት። ፋሲካውም ዒዱም የእኛ ነው። መውሊድ ሲደርስ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚወጣ ዘመድ ስንቅ ይሰናዳለታል። በዒድ ቀን አንድ ጥግ ይዤ መጽሐፍ ብገልጥ አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ጠላሽ እንዴ?» ነው የምትለኝ። ልክ ናት።

ስለዚህ ወራቱን ሰፊና ጠባብ ብላችሁ ክፈሉ። የኔን ላሳያችሁ። ሰፊዎቹ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ግንቦትና ነሐሴ ናቸው። ጠባቦቹ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ ሚያዝያ፣ ሰኔና ሐምሌ። ሰኔና ሐምሌ ለአስተማሪ ወርቅ ናቸው፤ ለኔ ግን ሒሳብ መዝጊያና ንብረት ቆጠራ ነው። የእናንተ ሌላ ይሆናል። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ኅዳርን ሰፊ ቢል ይሳቅበታል፣ አጨዳና ውቂያ ነዋ። የምትጾሙም አስቡበት። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናው ሰሌዳ ለዘንድሮ አይሠራም። አሁን አሁን ከየካቲት ጋር እየተገናኘ ነው። ሁዳዴም 55 ቀን ነው። አንዳንዱ በጾም ጊዜ ንባቡ ይሰፋለታል፣ አንዳንዱ ከቅዳሴና ከሥራ መልስ ዓይኑን መክፈት ያቅተዋል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከዚያ ድመሩ። ሰፊ ወር ላይ በወር 20 ቀን፣ በቀን 15 ገጽ ብትይዙ 300 ገጽ ነው። ስድስት ሰፊ ወር 1,800 ይሆናል። ጠባብ ወር ላይ 15 ቀን ብቻ፣ በቀን 8 ገጽ ያዙ። 120 ነው፣ በስድስት ወር 720። አጠቃላይ 2,520 ገጽ። አንድ መጽሐፍ በአማካይ 210 ገጽ ነው ብንል አሥራ ሁለት መጽሐፍ ማለት ነው። ያንሳል? ይኑር። በወር አንድ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው እስቲ ከሰፈራችሁ ፈልጉ። ጳጉሜን አልቆጠርኳትም፣ ሆን ብዬ ነው። እመለስባታለሁ።

የመጽሐፍ ምርጫ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ፦ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አትሙሉት። ግማሹን ምረጡ፣ ግማሹን ባዶ ተዉት። እኛ መጠባበቂያ የምንለው ነው። ዓመቱ መሃል ላይ ሰው መጽሐፍ ይሰጣችኋል፣ አዲስ ይወጣል፣ አንዱ ጸሐፊ ይጥማችሁና ሌላውን ሥራውን ትፈልጋላችሁ። ዝርዝሩ ሞልቶ ከሆነ ያ ሁሉ «ለከርሞ» ይባላል፣ ከርሞ ደግሞ አይታወቅም።

ለተመረጠው ግማሽ፣ ከወላጆቻችሁ ዕድሜ የሚበልጥ አንድ መጽሐፍ አስገቡ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ሮም ላይ ነው የታተመው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ቀጭን ነው ብላችሁ ጠባብ ወር ላይ እንዳትመድቡት። አማርኛው እርጋታ ይጠይቃል፣ ገጹ ላይ ያቆማችኋል። በቀን ስድስት ገጽም ከሄዳችሁበት ጥሩ ነው።

አንድ ወፍራም ይግባ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» «አንብቤዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስትጫኑት ወይ በትምህርት ቤት ምዕራፍ ምዕራፉን አይቶታል፣ ወይ ትረካውን ሰምቷል። ከ1958 ጀምሮ ያለ መጽሐፍ ነው፣ አይሸሽም፤ ለነሐሴ ያዙት። ደሴ ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ በጭጋግ ሲጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሰው ቤቱ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ወፍራም መጽሐፍ የሚያልቀው ያኔ ነው።

አንድ ደግሞ ከአገራችሁ ይሁን። እኔ ደሴ ላይ በንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ እያለፈ ያደገ ሰው ስለ ንጉሡ አንድ መጽሐፍ ሳያነብ ሲቀር ያናድደኛል። በ1909 ንጉሡ በተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት የሆነውን የማያውቅ ወሎዬ አለ፣ ስንቱን ነገር ግን በቃሉ ያውቃል። ልብ ወለድ ከፈለጋችሁ ማሞ ውድነህ የዋግ ሰው ነው። የስለላ ትርጉሞቹ ንባብ ያቆመን ሰው መልሰው ያስጀምራሉ። የጥንት ነገር የሚወድ ደግሞ ሩቅ አይሂድ። ሐይቅ ከኛ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ መጽሐፍ ያስጻፉበት ገዳም እዚያ ነው። ገድላቸው ይነበባል።

ግጥም በገጽ አይለካም። እዚህ ላይ ሥርዓቴን ራሴ እጥሳለሁ። ግጥም ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ይነበባል፣ ደብተር ላይ አይገባም። የሚቆጥረው ሰው ግጥሙን አልሰማውም።

መጽሐፉ ከየት ይመጣል? የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ በዓመት አሥራ ሁለት አዲስ ለመግዛት የኔ ደሞዝ አይሞክራትም። ሁለት ሦስቱን ግዙ፣ የቀረውን ተከራዩ፣ ተዋሱ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ፈልጉ። ኪራይ ላይ ማስያዣውንና የመመለሻውን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀኑ ሲያልፍ የሚጨመረው ሒሳብ አንዳንዴ መጽሐፉን ያስገዛል። ከአሮጌ ሻጭ ስትገዙ ደግሞ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ እዩ። ተቀዶ የሚገኘው እሱ ነው። ቀጥላችሁ የገጹን ቁጥር በአውራ ጣታችሁ እያሳለፋችሁ ተከተሉት። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 16 16 ገጽ እየታጠፈ ስለሚጠረዝ፣ ሲጎድል አንድ ገጽ አይደለም የሚጎድለው። ከ96 ዘሎ 113 ላይ ያርፋል። ወይም ያው ክፍል ሁለቴ ገብቶ ታገኙታላችሁ። እዚያው ቆማችሁ ካላያችሁት በኋላ ሻጩን ብትወቅሱት ፌር አይደለም።

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ ሽጦ የሚበላበትን መጽሐፍ በነፃ አውርዶ «ዘንድሮ ይህን ያህል አነበብኩ» ማለት ደስ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባልም አለ። ተዋሱ፣ መዋስ አያሳፍርም።

ወደ ደብተሩ። ሃምሳ ሉክ ይበቃል። በማስመሪያ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ መጽሐፍ፣ ከገጽ፣ እስከ ገጽ፣ ምክንያት። አምስተኛው ዓምድ ነው ሥራ የሚሠራው። ያላነበባችሁበትንም ቀን ጻፉ፣ ለምን እንደሆነ በሁለት ቃል። «መብራት የለም።» «ለቅሶ።» «ስልክ።» «ሰለቸኝ።» ሁለት ወር ሲሞላው ዓምዱን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። «መብራት የለም» ከበዛ ችግሩ ቀላል ነው፤ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ግዙና ጠዋት ጠዋት ሰክታችሁ ውጡ። «ስልክ» ከበዛ ከላይ እንዳልኩት ሌላ ክፍል ይደር። «ሰለቸኝ» በተከታታይ ከመጣ መጽሐፉ ነው። እስከ ገጽ 50 ታገሡት፣ ካልሆነ ዝጉት። ያነበባችሁት 50 ገጽ ተመዝግቧል፣ ኪሳራ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አንድ ዓምድ ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል፣ ስለ መጽሐፉ የወደዳችሁትን ለመጻፍ። ለዚያ የደብተሩን የኋላ ገጾች ተጠቀሙ። የፊቱ ቁጥር ብቻ ይሁን።

ቦታውም ዋጋ አለው። አልጋ ላይ ማንበብ ደሴ ላይ አይሠራም። ኅዳር ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ተኝቷል። ወንበር ላይ፣ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። እጃችሁን ከጋቢው የምታወጡት ገጽ ለመግለጥ ብቻ ነው።

እንደኔ በሰርቪስ የምትመላለሱ ደግሞ አላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የተከፈተ መጽሐፍ ላይ ዓይን መትከል በማቅለሽለሽ ያስከፍላል፣ አትሞክሩት። ያ መንገድ የጆሮ ነው። ትረካ አውርዳችሁ ያዙ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሰማ አንድ ቀን ማዳመጫው ተነቀለና ድምፁ ወጣ። ላጠፋው ስል ሾፌሩ «ተይው፣ ለሁላችንም ይሁን» አለ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ አንድ ሰው አላወራም።

ጥያቄው ታዲያ ይሄ ይቆጠራል ወይ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ራሱ ክርክር ተነሣ። «ሰማሽ እንጂ አላነበብሽም» የሚል ነበር። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ግን «ጆሮ ምን አጠፋ?» ብሎ ዘጋው። የኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ትረካውን የሰማችሁትን ምዕራፍ ማታ መጽሐፉ ላይ ፈልጋችሁ ከወደዳችሁት ቦታ ሁለት ሦስት ገጽ አንብቡ። የተነበበው ይመዝገብ። የተሰማው ደብተር ላይ በሌላ ቀለም ይጻፍ፣ ከድምሩ ግን አይገባም። ዓይናቸው የደከመ ወይም የማያይ ሰዎች ይሄ ሕግ አይመለከታቸውም። ለነሱ ትረካው ራሱ ንባብ ነው፣ ሰዓቱን ይቁጠሩት።

አብሮ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል? አንድ ይበቃል። ቡድን ሲበዛ ቀጠሮ ብቻ ነው የሚነበበው። እኔ ጎረቤቴ የሆነች አስተማሪ አለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እናፈላለን። ሕጋችን አቦሉ እስኪያልቅ ስለ መጽሐፉ ብቻ ማውራት ነው። ቶና ላይ ወሬው ነፃ ነው። በረካ ላይ መጽሐፉን ያነሣ ሰው ሲኒ ያጥባል። ያው መጽሐፍ ባታነቡም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይሻላል። የራሳችሁን ላላነበበ ሰው ማስረዳት ሲገባችሁ የት ላይ እንዳንቀላፋችሁ ይታወቃል።

ወደኋላ መቅረታችሁ አይቀርም። ለቅሶ አለ፣ ሕመም አለ፣ ሰላም የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ እኛ ወሎዎች ይህን ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። ዋናው ነገር የጎደለውን ገጽ ወደሚቀጥለው ወር አለማዞር ነው። ጥር ላይ 90 ገጽ ከጎደለ የየካቲት 300 ወደ 390 አይወጣም። የካቲት 300 ነው፣ በቃ። ዕዳ እየተንከባለለ ሲመጣ ሰው ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ይቀብረዋል። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ማለትም ዓመቱ እኩል ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ክለሳ አድርጉ። የቀሩትን ስድስት ወራት በትክክል ባነበባችሁት ልክ እንደገና በጅቱ። 2,520 የነበረው 1,700 ቢሆን አብሽሩ፣ ተቆጪ የለባችሁም። ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ከአንድ መጽሐፍ በላይ አትጨምሩ።

ጳጉሜን ያልበጀትኳት ለዚህ ነው። አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ትሆናለች። በነዚህ ቀናት ንባብ የለም። ደብተሩ ይደመራል። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ የተዋሱባችሁም ስልክ ይደወልላቸዋል፣ ሳትፈሩ። ደግማችሁ የማታነቡትን ለአሮጌ ሻጩ ወስዳችሁ በሌላ ለውጡ። ምክንያት የሚለውን ዓምድ እንደገና አንብባችሁ ሰፊና ጠባብ ወራችሁን ለከርሞ አስተካክሉ። ከዚያ የመስከረምን መጽሐፍ ምረጡ። ቀጭን ይሁን፤ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ይመጣል።